ስም የሌለው በኩር

«ልብ ወለድ» የሚለው ቃላችን ዘወትር ያስደንቀኛል። እንግሊዞች ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ያወጡለት ስም «አዲስ» ከሚል ቃል የመነጨ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን በወሊድ ሰየሙት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» እየተባለ መጠራት የጀመረው ኋላ ነው። ልብ ወለደ ማለት ልብ እናት ሆነ ማለት ነው። ወላጅ ካለ ልጅ አለ፤ ልጅ ካለ ደግሞ ስም የሚያወጣለት፣ የሚያሳድገው፣ ሲያጠፋም የሚጠየቅለት ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ነገር እንዳሰላስል ያደረገኝ ባለፈው ክረምት ያነበብኩት የአንዲት ወጣት በኩር ሥራ ነው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድንና የአስማት ተረትን በአንድ ገበታ ያቀረበ መጽሐፍ ነው ቢሉኝ ጊዜ፣ ሁለቱንም እወዳለሁና ጀመርኩት። መጽሐፉ «ፍራንከንስታይን ወይም ዘመናዊው ፕሮሜቴዎስ» ይባላል፤ ጸሐፊዋ ሜሪ ሼሊ ናት። ታትሞ የወጣው ጥር 1 ቀን 1818 ሎንዶን ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አላነበብኩትም እንጂ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ከፊልም ባገኘሁት እውቀት ፍራንከንስታይን ማለት ግንባሩ ሰፊ፣ አንገቱ ላይ ብሎን የተበሳበት፣ መናገር የማይችል ግዙፍ ፍጥረት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ግን ብሎኑም የለም፣ ድዳነቱም የለም። ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ሳይሆን የፈጣሪው ስም ነው፤ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሚባል የጄኔቭ ተወላጅ ተማሪ። ፍጡሩ ስም የለውም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ሰው፣ ወላጁ እንኳ፣ ስም አያወጣለትም። መጽሐፉን ዘግቼ ታሪኩን ስከታተል ደግሞ ስም ማጣት የዚያ ፍጡር ዕጣ ብቻ እንዳልነበረ አየሁ።

ሜሪ የተወለደችው ነሐሴ 30 ቀን 1797 ነው። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1792 ስለ ሴቶች መብት የጻፈችው መጽሐፍ አገር ያነጋገረላት ደራሲ ነበረች፤ አባቷ ዊልያም ጎድዊን ስመ ጥር ፈላስፋ። እናትዮዋ ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ቀረ። ሐኪሙ በእጁ ሊያወጣ ሞከረ፤ የወላድ ትኩሳት ያዛትና በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። ሕፃኗ ለማስታወሻ የቀረላት ነገር ቢኖር የእናቷ ስም ነበር። ፊደል የቆጠረችውም በእናቷ መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ስም በጣቷ እየተከተለች ነው ይባላል። ለዚህች ልጅ መወለድና መግደል፣ ማንበብና መቃብር ገና ከጠዋቱ የተቆራኙ ነገሮች ነበሩ።

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ባለትዳር ከነበረው ገጣሚ ከፐርሲ ሼሊ ጋር ኮበለለች። የካቲት 22 ቀን 1815 ቀኗ ያልደረሰ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ መጋቢት 6 ቀን ሞተች። ስም አልወጣላትም። በእኛ አገር ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ስሟን ትቀበላለች፤ ይህቺኛዋ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላትም። ሜሪ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ አንድ ሕልም ጽፋለች። ሕፃኗ በድን ሳትሆን በብርድ የደነዘዘች ብቻ ሆና፣ እሳት ዳር አምጥተው ሰውነቷን ሲያሹት ነፍስ ዘራች። ከዚያ እናት ነቃች፤ ሕፃኗ የለችም። ስለ «ፍራንከንስታይን» አጻጻፍ የሚያወሩ ሰዎች ጥቂት ቆይቼ ከማነሣው የስዊዘርላንድ ሌሊት ይጀምራሉ። በበኩሌ ከዚህ ሕልም ልጀምር ይገባል ባይ ነኝ። ሙት በሙቀት የሚነሣበት ሐሳብ ወደዚያች ልጅ አእምሮ የገባው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከባዶ አንሶላ ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር፣ ሱምባዋ በተባለች ደሴት፣ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጢሱ ሰማዩን ሸፈነና በተከታዩ ዓመት፣ በ1816፣ አውሮፓ በጋ ሳታይ ቀረች። ዝናቡ አላባራ አለ፤ እህሉ በማሳው ላይ በሰበሰ፤ ረኀብ ሆነ። ምክንያቱን በጊዜው የተረዳ ሰው አልነበረም። ሜሪና ፐርሲ፣ ከሜሪ የእንጀራ እኅት ከክሌር ክሌርሞንት ጋር፣ የዚያን ዓመት ክረምት በጄኔቭ ሐይቅ ዳር አሳለፉ። ጎረቤታቸው ባለቅኔው ሎርድ ባይረን ነበር፤ ቪላ ዲዮዳቲ የተባለውን ቤት ተከራይቶ ከወጣት ሐኪሙ ከጆን ፖሊዶሪ ጋር ተቀምጧል። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላቸው እሳት ዳር ተሰብስበው ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎሙ የሙት መንፈስ ተረቶችን ያነብቡ ጀመር። ባይረንም እያንዳንዳችን አንዳንድ እንጻፍ አለ።

የዚያ ጨዋታ ፍሬ የሆኑት ሁለት መጻሕፍት ናቸው። ሁለቱን ታላላቅ ባለቅኔዎች ያየ ሰው ከእነርሱ ይጠብቅ ነበር፤ እነርሱ ግን ጀምረው ተዉት። ሥራውን የጨረሱት ሐኪሙና የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ ናቸው። ፖሊዶሪ ደም የሚመጥ መኳንንት ታሪክ ጻፈ፤ በ1819 ሲታተም በባይረን ስም ወጣ። የሜሪም ነገር ከዚያ ብዙም አልተሻለም፤ እደርስበታለሁ።

ሜሪ ብዙ ቀን ምንም አልመጣልህ ብሏት ተቸገረች። በየማለዳው ታሪክ አገኘሽ ወይ ሲሏት አላገኘሁም ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር ኋላ ጽፋዋለች፤ ግጥም ቋጥሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ምሽት ባይረንና ፐርሲ ስለ ሕይወት ምንነት፣ ሬሳ ሊነሣ ይቻል እንደሆነ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከሩ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ከተኛች በኋላ፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ሁኔታ ውስጥ፣ አንድ የገረጣ ተማሪ በገጣጠመው አካል አጠገብ ተንበርክኮ አየች። አካሉ ተንቀሳቀሰ። ተማሪው ሸሸ። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ መጽሐፉ የቆመው በመፈጠሩ ላይ ሳይሆን በመሸሹ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ድብልቁ ልምጣ። ቪክቶር በአሥራ ሦስት ዓመቱ አንድ ዝናባማ ቀን የኮርኔልዮስ አግሪጳን የአስማት መጽሐፍ ያገኛል። አባቱ ርእሱን አየት አድርጎ ይህ ከንቱ ነገር ነው፣ ጊዜህን አታባክን ይለዋል፤ ያንኑ ብሎ ያልፋል። ልጁም ንባቡን ቀጥሎ ወደ ፓራሴልሰስና ወደ አልበርተስ ማግነስ፣ ተራውን ብረት ወርቅ ወደሚያደርገው ድንጋይና ወደ ዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት ይዘልቃል። ኋላ ቪክቶር ሲናገር፣ አባቴ ያ አሮጌ ትምህርት ለምን እንደ ተሻረ ቢያስረዳኝ ኖሮ ጥፋቴ ባልደረሰ ነበር ይላል። በተማሪነታችን ዘመን ፊዚክስና «አውደ ነገሥት»ን በአንድ ቦርሳ ይዞ የሚዞር ጓደኛ ያልነበረን ማን ነን? ያን ጓደኛ የሚሰድበው አስተማሪ ብዙ ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ግን እጅግ ጥቂት።

ቪክቶር ወደ ኢንጎልስታት ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ሁለት መምህራን ይገጥሙታል። አንደኛው ክሬምፕ ያነበበውን ሲሰማ ይሳለቅበታል። ሁለተኛው ዋልድማን ግን የጥንቶቹ አስማተኞች ሊቃውንት የዛሬውን እውቀት መሠረት እንደ ጣሉ ያከብርላቸዋል፤ ዘመናዊዎቹ ደግሞ ትንሽ ቃል ገብተው ትልቅ ተአምር ይሠራሉ ይለዋል። ልጁ ያኔ ይማረካል። አዲሱን ሳይንስ የሚማረው የድሮውን ሕልም ለመፈጸም ነው።

ይህ በ1818 ከንቱ ቅዠት አልነበረም። ልዊጂ ጋልቫኒ ቦሎኛ ላይ የሞተ እንቁራሪት እግር ሲያፈራግጥ ቆይቶ ግኝቱን በ1791 አሳትሟል። የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ በ1803 ሎንዶን ላይ በስቅላት የተቀጣ የአንድ ወንጀለኛን ሬሳ በኤሌክትሪክ ሲነካው መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑም ተገለጠ። ሜሪ መጽሐፏን በምትጽፍበት ወራት የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ታነብ ነበር። «ሳይንቲስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ ገና አልተፈጠረም፤ የወጣው በ1830ዎቹ ነው። እንግዲህ ይህቺ ልጅ ሳይንስንና ተረትን ደባለቀች ማለት ትክክል አይመስለኝም። ሁለቱ ገና ሳይለያዩ፣ በአንድ ማድጋ ሳሉ ነው የጨለፈችላቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ብራያን አልዲስ በ1973 የሳይንሳዊ ልብ ወለድን ታሪክ ሲጽፍ መነሻው ይህ መጽሐፍ ነው ብሏል፤ ብዙዎችም ተከትለውታል። እኔም እቀበላለሁ፣ ሆኖም የተረቱ ወገን ተቀንሶ እንዳይቀር።

ምክንያቱም ፍጡሩ እንዴት እንደ ተሠራ መጽሐፉ አይነግረንም! መብረቅ የሚስብ ማማ፣ የሚፍለቀለቅ ብርጭቆ፣ ጎባጣ ረዳት፣ ሁሉም የመድረክና የፊልም ጭማሪ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የኅዳር ወር ሌሊት፣ ጭላንጭል ሻማ፣ መስኮቱን የሚመታ ዝናብ፣ ከዚያም የሚገለጥ ቢጫ ዓይን ብቻ ነው። ሳይንሱ «ይቻላል» ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የጥንት ተረት ነው፤ የወለደውን ጥሎ የሸሸ አባት ተረት።

ከሁሉ የወደድኩት መካከለኛው ክፍል ነው። የመጽሐፉ አቀማመጥ እንደ ሽንኩርት ነው። በውጭ በኩል በሰሜን ዋልታ በረዶ የተያዘ የመርከብ አለቃ ለእኅቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በደብዳቤው ውስጥ ቪክቶር ይተርካል፤ በቪክቶር ትረካ ውስጥ ፍጡሩ ራሱ ይናገራል። ምን ዓይነት አንደበት ነው ያለው! ከሰው ሸሽቶ ጀርመን አገር ጫካ ውስጥ በአንድ የገበሬ ቤት ግድግዳ ሥር ተሸሽጎ፣ በስንጥቅ ውስጥ የቤተ ሰቡን ኑሮ እያየ ቋንቋ ይማራል። ሌሊት ሌሊት እንጨት ይለቅምላቸዋል፤ እነርሱ ደግ መንፈስ ያመጣልን ነው ይላሉ። ወንድ ልጃቸው ፊሊክስ ሳፊ ለተባለች ዓረብ እጮኛው የፈረንሳዊውን የቮልኔን «የመንግሥታት ፍርስራሽ» እያነበበ ያስተምራታል፤ ያ ምስኪን ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ አብሯት ይማራል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ምን እንደ ደረሰባቸው ሲሰማ ከሳፊ ጋር ያለቅሳል።

እዚህ ላይ ለአንድ ጉዳይ ቆም ልበል። ቮልኔ በ1791 ባሳተመው በዚያ መጽሐፍ የጥበብንና የሳይንስን ጥንስስ የሚያገኘው በአባይ ሸለቆ ነው፤ የጥንቷን የኢትዮጵያ መንግሥት በስም ያነሣል፤ በእርሱ ዘመን በቆዳቸው ጥቁረትና በጸጉራቸው መጠቅለል የተናቁት ሰዎች ለዓለም ሥርዓትን ያስተማሩ ናቸው ይላል። የእርሱ ኢትዮጵያ የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ናት፤ ካርታዋ ከዛሬዋ ጋር አይገጥምም። ሜሪም ይህን ክፍል ለይታ አትጠቅስም። ነገር ግን ፊሊክስ መጽሐፉን ካነበበ ያ ስም የሌለው ፍጡር በመልኩ ስለ ተጠላ ሰው የሰማው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ በስንጥቁ በኩል ስለ ራሱ የሰማ ያህል ሳይሰማው አልቀረም። በክረምት ሌሊት ይህን ሳስብ፣ ድንገት ስሙ የተጠራ ሰው እንደሚደነግጥ ደነገጥኩ።

ኋላም በጫካ ውስጥ የወደቀ ሻንጣ አግኝቶ ሦስት መጻሕፍት ያነባል፤ የሚልተንን «የጠፋችው ገነት»፣ የፕሉታርክን የታላላቅ ሰዎች ታሪክና የጎተን «የወጣቱ ቬርተር ሐዘን»። ሚልተንን እንደ እውነተኛ ታሪክ ነው የሚያነበው። አዳምን ያየውና ይቀናበታል፤ አዳም ከፈጣሪው ጋር ይነጋገር ነበርና። ይህ ሁሉ ንባብ ጨዋ ያደርገዋል፤ ግን ማየት የተሳነው የቤቱ ሽማግሌ ብቻ በደግነት ሲያናግረው፣ ዓይን ያላቸው ልጆች ሲገቡ በዱላ ይባረራል። ግድያው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ነፍሰ ገዳይ መሆኑን መጽሐፉ አይሸፋፍንም፤ የመጀመሪያው ሰለባ የቪክቶር ትንሽ ወንድም ዊልያም ነው፤ ሜሪ ይህን ስትጽፍ በጉልበቷ ላይ ይድህ የነበረው የራሷ ልጅ ስም ደግሞ ዊልያም ነበር። ለምን ይህን ስም መረጠች? መልስ የለኝም፤ ጥያቄው ግን ገጹን በገለጥኩ ቁጥር ይመለስብኛል።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ሻንጣው በጫካ መገኘቱ ለደራሲዋ እጅግ የተመቸ ነው። ቪክቶር በየምዕራፉ በትኩሳት ይወድቃል። «በሠርግህ ሌሊት እመጣለሁ» ብሎ ፍጡሩ ሲዝትበት ሙሽራዋን ሳይሆን ራሱን ብቻ የሚጠብቅ ሊቅ ትዕግሥቴን ፈትኖታል። የበኩር ሥራ ነው፤ በኩር ደግሞ ምጡ ከባድ ነው።

ሥራው በ1817 ግንቦት ላይ አለቀ። ሁለት አሳታሚዎች አልፈልግም አሉ፤ ሦስተኛው በ500 ቅጂ፣ በሦስት ቅጽ አወጣው። የደራሲው ስም አልነበረበትም። መቅድሙን በደራሲዋ አፍ የጻፈው ፐርሲ ነው፤ መታሰቢያነቱ ደግሞ ለጎድዊን ስለ ነበር አንባቢ ሁሉ ወደ ፐርሲ ጠቆመ። ዝነኛው ዋልተር ስኮት መጽሐፉን አድንቆ በጻፈው ሂስ ደራሲው ፐርሲ ነው ብሎ ገመተ። ይህ ጥርጣሬ እስከ ዛሬ ያልሞተላቸው አሉ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ትችላለች የሚሉ። የእጅ ጽሑፉ ኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ተመራማሪው ቻርልስ ሮቢንሰን የሁለቱን የእጅ ጽሕፈት ለይቶ በ2008 ባሳተመው እትም፣ ከ72,000 ያህል ቃላት ውስጥ የፐርሲ ድርሻ ከ4,000 እስከ 5,000 እንደሚሆን አስልቷል። እኔ በሙያዬ ቀኑን ሙሉ ቁጥር የማስታርቅ ሰው ነኝ፤ ከመቶ ሰባት ያህሉን ያስገባ ሰው የሒሳቡ ባለቤት ነኝ ቢለኝ አላስተናግደውም።

በ1822 ፐርሲ ጣሊያን አገር ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ሜሪ ወደ ሎንዶን ስትመለስ፣ በነሐሴ 1823፣ መጽሐፏ ቴአትር ሆኖ ሲታይ አገኘችው። ያን አንደበተ ርቱዕ ፍጡር መድረኩ ድዳ አድርጎታል። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ የተዋናዮች ዝርዝር ሲወጣ ግን በፍጡሩ ስም ቦታ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ አንድ ረዥም ሰረዝ ብቻ ተጋድሟል። ሜሪ ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ይህን ሰረዝ ወድጄዋለሁ ብላለች። በዚያው ዓመት አባቷ ሁለተኛውን እትም ሲያሳትም የእርሷ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ወጣ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1931፣ የሆሊውዱ ፊልም ሲሠራ በመክፈቻው የስም ዝርዝር ላይ በፍጡሩ ተዋናይ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተቀመጠ፤ ደራሲዋ ደግሞ «ወይዘሮ ፐርሲ ቢ. ሼሊ» ተብላ በባሏ ስም ተጻፈች። ፊልሙን ዳግመኛ ያየሁት ለዚህች መስመር ስል ነው።

ከፊልሙ በፊት፣ በ1831፣ ሜሪ መጽሐፉን አርማ እንደገና አሳትማዋለች። ገበያ ላይ የሚበዛው ይህ እትም ነው። እኔ የ1818ቱን እመርጣለሁ። በ1831ዱ ቪክቶር የዕጣ ፈንታ መጫወቻ ሆኗል፤ በመጀመሪያው ግን መመለስ ሲችል ያልተመለሰ ሰው ነው፤ የሚያመውም እርሱ ነው። ዳሩ ግን በመካከሉ የሆነውን ሳስብ ልወቅሳት አልደፍርም። ክላራ የተባለች ልጇ በ1818 ቬኒስ ላይ ሞታለች፤ ዊልያም በ1819 ሮም ላይ፤ ከዚያም ባሏ። ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ ቢመስላት አይፈረድባትም።

ለዚያ እትም በጻፈችው መግቢያ መጽሐፉን አስቀያሚ ልጄ ብላ ትጠራዋለች፤ ሂድ፣ ይቅናህ ብላም ትመርቀዋለች፤ ሞትና ሐዘን በልቧ ገና እውነተኛ ትርጉም ባልነበራቸው በደስታ ቀኖቿ የተወለደ ነውና እወደዋለሁ ትላለች። በ1815 የሞተችውን ሕፃን አታነሣም። ዓረፍተ ነገሮችን ስታርም፣ የዘመድ ዝምድና ስትቀይር፣ ምዕራፍ ስትጨምር ከርማለች፤ ፍጡሩ የሚጠራበትን ቦታ ግን እንዳለ ባዶውን ትታዋለች።